የወይዘሮ ሀፊዛ ጋራዥ

ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን የእንጦጦ አቀበት በእግሬ መውጣት ልማድ አድርጌያለሁ። ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ እንደ ልማዴ ስወጣ ከባሕር ዛፉ መካከል አንዲት ሴት ብቻቸውን ቆመው አየሁ። ጥቁር ሻርፕ ተከናንበው፣ ውሃ የቦረቦረውን የመኪና መንገድ ቁልቁል ይመለከታሉ። ጠጋ ስል ጎረቤቴ ወይዘሮ ሀፊዛ ሆነው አገኘኋቸው።

የእኚህን ሴት ነገር አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። ባለቤታቸው አቶ ከድር በየካ ስማቸው የታወቀ መካኒክ ነበሩ። ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ የሚጋራው፣ በቆርቆሮ የታጠረው ሰፊ ጋራዥ እሳቸው ካረፉ ጊዜ አንሥቶ እንደተቆለፈ ነበር። የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ሰዳም ይባላል። ባንክ ቤት ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ግን ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ላንድክሩዘር እያስነሳ፣ «የዳገት ክበብ» ከሚባሉ የተራራ መንገድ መኪና ነጂዎች ጋር ወደ እንጦጦ ጫካ ይወጣ ነበር። እናቱን አቀበቱ ላይ ካገኘሁበት ቀን ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከእነሱው ጋር እንደወጣ በዚሁ አቀበት ላይ ሞተ። መኪናው ተገልብጦበት ነው ተባለ። ሁላችንም ያንኑ ሰምተን አለቀስን፤ ድንኳኑ ሲነሳም ነገሩ አብሮ ተነሳ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሀፊዛ? ብቻዎን እስከዚህ ድረስ ወጡ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ መምህር። ዓመቱ ደረሰ እኮ። የወደቀበትን ቦታ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቀውም። ጓደኞቹን በጠየቅኋቸው ቁጥር እጃቸውን ወደ ተራራው ወርወር ያደርጉና ‹እዚያ ጋ ነው› ይሉኛል። እዚህ ይሆን ብዬ እቆማለሁ፤ ደግሞ ትንሽ ከፍ ብዬ እዚያ ይሆን እላለሁ።»

አጠገባቸው ቆምኩ። በዚህ መካከል ከላይ በኩል አካፋና ዶማ የያዙ ወጣቶች ሲወርዱ አየን። ከፊት የምትመራቸው ቀጠን ያለች ልጅ ወይዘሮ ሀፊዛን ስታይ ባለችበት ቀጥ አለች። ጀናን ትባላለች፤ የክበቡ ጸሐፊ ናት፤ በምሕንድስና ተመርቃ፣ ከሰዳም ሞት ወዲህ በአንድ የመኪና ማደሻ ድርጅት ሥራ ይዛለች። ለጓደኞቿ እንዲቀጥሉ በእጇ ምልክት ሰጥታ ወደኛ መጣችና የወይዘሮ ሀፊዛን ትከሻ ሳመች።

«አካፋው ለምንድን ነው ልጄ?» አሏት።

«መንገዱን ልንጠግን ነው እትዬ። ወረዳው ፈቅዶልናል። ዛሬ የምናየው የውሃ መውረጃው የት የት መቆፈር እንዳለበት ነው። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በፈቃዱ የሚመጣ ሰው ሁሉ ድንጋይ ያቀብላል፤ ውሃው መንገዱን ይዞ ከመውረድ ወደ ጎን እንዲሄድ እናደርጋለን።»

«ማን አበላሸውና ነው የምትጠግኑት?»

ጀናን ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «የቆረጠው ውሃ ነው። ለውሃው መንገድ ያሳየው ግን የኛ ጎማ ነው። በክረምት ጭቃ ላይ ስንነዳ ጎማው መስመር ያወጣል፤ ዝናቡ ያንን መስመር ተከትሎ ገደል ያደርገዋል።»

«ይኸውልህ እንግዲህ፣» አሉ ወይዘሮ ሀፊዛ፣ ለማንም ሳይሆን ለጫካው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ስንት ዘመን በሰላም የወረዱበትን መንገድ እናንተ ለጨዋታ አረሳችሁት። አሁን ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ነን ብላችሁ አካፋ ይዛችሁ መጣችሁ። ሰው የሰበረውን ቢጠግን በጎ አድራጊ ይባላል?»

«አይባልም እትዬ። እዳውን የከፈለ ነው የሚባለው። እኛም ሌላ ስም አንፈልግም።»

«መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው። እናንተ ዛሬ ፎቶ ተነሥታችሁበት ነገ ትተዉታላችሁ።»

«ዋናውን መንገድ መንግሥት ይሠራል፤ በዚህ ጫካ ውስጥ ግን ከእንጨት ተሸካሚዎቹና ከእኛ በቀር የሚመላለስ የለም። እነሱ ሸክም አለባቸው። አካፋ መያዝ የምንችለው እኛ ነን። ክረምት ሲገባም በጭቃ ላለመንዳት ተስማምተናል፤ አለዚያማ እንዳሉት በአንድ እጅ ሠርተን በሌላው ማፍረስ ይሆናል።»

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሀፊዛ እንደደከማቸው አየሁና ተቆርጦ የወደቀ ግንድ ላይ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ጀናን ከፊታቸው ቁጢጥ አለች። አንድ የሚያስጨንቃት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«እትዬ፣ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ልጠይቅዎት አስቤ ስፈራ የቆየሁት ጉዳይ አለ። መንገዱን መጠገን ብቻ አይበቃም። የክበባችን ሰው ሁሉ መንዳት እንጂ መኪናውን አያውቅም። ስለዚህ በየአሥራ አምስት ቀኑ የጥገና ትምህርት ልንጀምር ነው። ለአባሎቻችን ብቻ አይደለም፤ የታክሲ ሾፌር፣ የጭነት ረዳት፣ መማር የፈለገ የሰፈር ልጅ ሁሉ በነፃ ይማራል። ችግራችን ቦታ ነው። የአቶ ከድር ጋራዥ ተቆልፎ ነው ያለው…»

«አልሰጥም፣» አሉ ወይዘሮ ሀፊዛ፣ ሳትጨርስ።

«እትዬ…»

«አልሰጥም ልጄ። አንድ ልጄን መኪና በላው። አንቺ አሁን የሰው ልጆች ሰብስበሽ፣ በባሌ ግቢ፣ ከመኪና ሥር መተኛት ልታስተምሪያቸው ነው? ያንዷ እናት ኀዘን አልበቃ ብሎ ነው? ሰዳም አጀሉ ደርሶ ነው የሞተው፤ ቀኑ ነው። አላህ የጻፈውን ትምህርት አይፍቀውም። ግቢውም እንደተቆለፈ ይኑር።»

እኔም በበኩሌ እውነት አላቸው ብዬ አሰብኩ። ልጇን ያጣች እናት ሌሎች እናቶች ይህ እንዳይደርስባቸው ብትጠነቀቅ ማን ይፈርድባታል? ጀናን ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«እንግዲያው እውነቱን ልነግርዎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቢረግሙኝም እቀበላለሁ። መኪናው አልተገለበጠም እትዬ። ቆሞ ነበር።»

ወይዘሮ ሀፊዛ ቀና አሉ።

«ያን ቀን ዝናቡ አባርቶ፣ እኛም በዚህ እየወጣን ሳለ የሰዳም መኪና የፊት ጎማ አጠገብ ያለ ብሎን ተበጠሰ። ወደ ታች ወርደን መካኒክ እናምጣ አልነው። ሳቀብን። ‹የመካኒክ ልጅ አይደለሁም እንዴ?› አለ። መኪናውን በክሪክ አነሣው። ክሪኩን ያቆመው እርጥብ አፈር ላይ ነበር። ከጎማዎቹ ሥር መኪናውን የሚገታ ታኮ፣ ድንጋይ እንኳ፣ አላደረገም። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። አፈሩ ከዳ። ክሪኩ ዘመመ፤ መኪናው ተንሸራቶ ወረደበት።»

«እናንተስ የት ነበራችሁ?»

«ዙሪያውን ቆመን ነበር። እኔም ነበርኩ። ምሕንድስና ተምሬአለሁ፤ ክብደት ምን እንደሆነ በወረቀት ላይ ስንት ጊዜ አስልቻለሁ። ከመኪና ሥር ከመግባት በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ግን ማንም አላሳየኝም። ከቆምነው ውስጥ ‹ሰዳም፣ ውጣ፤ በመጀመሪያ ድንጋይ አድርግበት› ለማለት የሚያህል እውቀት የነበረው ሰው አልነበረም። አንዱ ፎቶ ያነሣው ነበር።»

ነፋሱ የባሕር ዛፉን ቅጠል ሲያንኮሻኩሸው ይሰማል።

«መኪናውን በእጃችን አንሥተን አወጣነው። አምቡላንስ ጠራን፤ መጣም። ነገር ግን ይህን ቦረቦር ማለፍ አቅቶት ታች አስፋልቱ ላይ ቆመ። በሸራ ተሸክመን ወረድን። እግራችን እያዳለጠ ሁለት ጊዜ ወደቅን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲያዩን ሸክማቸውን ጥለው ሸራውን ያዙልን። እስከ አስፋልቱ ድረስ ነፍሱ ነበረች።»

«ተናገረ?» አሉ ወይዘሮ ሀፊዛ።

«ተናግሯል። ‹እማን ቀስ ብላችሁ ንገሯት› አለን።» ጀናን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኛ ግን ጭራሹን ሳንነግርዎ ቀረን። ሽማግሌዎች ‹ወዲያው ነው ያለፈው፣ ምንም አልተሰማውም በሏት፤ ይህ ይሻላል› አሉን። ይሻላል ብለን ተቀበልን።»

ወይዘሮ ሀፊዛ ግንዱን ተደግፈው ተነሡ። «ቦታውን አሳዪኝ፣» አሏት።

ጀናን ጥቂት ከፍ ብላ፣ መንገዱ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት ላይ ቆመች። ሣር በቅሎበታል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ወይዘሮ ሀፊዛ ሣሩን አዩ፤ ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ድንጋይ የተዘራበት ነው፤ ትልቅም ትንሽም፣ እግር እስኪያደናቅፍ ድረስ።

«ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፣» አሉ።

«አይደለም እትዬ።»

ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ልሸኛቸው ብል በእጃቸው ከለከሉኝ።

እኛ መርዶ የመንገር ብልሃት አለን። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውዬው እንዳይደነግጥ ተጠንቅቀን እናረዳለን። ለቅሶውንም በደንብ እናውቅበታለን። ሰውዬው ለምን ሞተ ብሎ መጠየቅ ግን እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ሟችን መውቀስ፣ ፈጣሪን መክሰስ ይመስለናል። ስለዚህ ሟቹ የሞተበትን ምክንያት አብረን እንቀብረዋለን፤ ምክንያቱ ግን ከመቃብር ይወጣና ሌላ ቤት ያንኳኳል። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር አሳልፌ ይህን የተረዳሁት በዚያ አቀበት ላይ፣ የአንዲትን እናት ጀርባ እያየሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሀፊዛ ከቤት አልወጡም። ደጃቸውን ባንኳኳ «ደህና ነኝ መምህር፣ አይቸገሩ» ከማለት በቀር አልከፈቱልኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከገበያ ስመለስ ድምፃቸውን ከመንገዱ ላይ ሰማሁ።

በጋራዡ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ቁልቁል በሚያዘነብልበት ላይ፣ አንድ ሚኒባስ ታክሲ በክሪክ ተነሥቶ ቆሟል። ከሥሩ የሰው እግር ወጥቷል። ወይዘሮ ሀፊዛ አጠገቡ መሬት ላይ፣ አቧራው ላይ ተቀምጠዋል።

«ውጣ ልጄ፣» ይላሉ።

«መጣሁ እናቴ፣ ለአፍታ ነው። ብሎኗን ላጥብቃት፣» ይላል ከሥር ያለው ድምፅ።

«ብሎኗ ትቆይ። አንተ ውጣ። እስክትወጣ ድረስ ከዚህ አልነሣም።»

ሰውየው እየተነጫነጨ በጀርባው ተንፏቆ ወጣ። ባፈና የሚባል፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ነው፤ ትሑት ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ወይዘሮ ሀፊዛን መሬት ላይ ሲያያቸው ግራ ገባው።

«ምነው እናቴ? አመመዎት እንዴ? ሥራ እኮ ፈታሁ፤ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው።»

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ። ሶዶ ናት።»

«ስልክ አላት?»

«አላት።»

«እንግዲያው ቁጥሯን ስጠኝ። ይህ መኪና ቢወርድብህ፣ ደጄ ላይ ነውና መርዶውን የምነግራት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምነግራት አሁኑኑ እንስማማ። ‹ቀኑ ደርሶ ነው› ልበላት ወይስ ‹ታኮ ሳያደርግ ገብቶ ነው› ልበላት?»

ባፈና እጁ ላይ ያለውን ቅባት በሱሪው ጠረገ። ቀጥሎ ወዲያ ወዲህ ብሎ ድንጋይ ፈለገና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አስገባ።

«እሱ ብቻ አይበቃም። ቆየኝ፣» አሉ ወይዘሮ ሀፊዛ። እጄን ይዘው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ፤ ቁልፍ ይዘው ወጡ። የጋራዡ ቁልፍ ዝጎ አስቸገራቸው፤ ባፈና ረዳቸው። በሩ ሲከፈት የቆየ ዘይትና የዝገት ሽታ ወጣ። ወይዘሮ ሀፊዛ ሳያቅማሙ ወደ ግራው ግድግዳ ሄዱ። እዚያ፣ በሸራ ተሸፍነው፣ መኪና ከተነሣ በኋላ ክብደቱን የሚሸከሙ ባለ ሦስት እግር የብረት መቆሚያዎች ተደርድረው ነበር።

«ከድር ያለ እነዚህ ከመኪና ሥር ገብቶ አያውቅም፣» አሉ። «ሰው ሲቸኩል ‹ብረቱ ሳይቆም ነፍሴን አላስይዝም› ይል ነበር። ይህን ግድግዳ ያያሉ መምህር? ከማዶው የሰዳም መኝታ ቤት ነው። ልጄ በየሌሊቱ የሚተኛው ከነዚህ ብረቶች አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።»

ባፈና ብረቶቹን ወስዶ መኪናውን አቆመባቸው፤ ሥራውንም ጨርሶ፣ አመስግኖ፣ መልሶ አስቀመጣቸው። ወይዘሮ ሀፊዛ በሩን አልዘጉትም። «ያቺን ልጅ ይጥሩልኝ፣» አሉኝ።

ጀናን በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ መጣች። በጋራዡ ውስጥ ባለው አሮጌ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሁለቱ ያን ቀን የተነጋገሩትን እዚህ ማስፈር የፈለግሁት ለብዙ ቤት የሚጠቅም ስለመሰለኝ ነው።

«አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል፣» አሉ ወይዘሮ ሀፊዛ። «ድንጋይ ቢያደርግበት ኖሮ ይድን ነበር ካልኩ፣ የአላህን ውሳኔ መቃወሜ ነው?»

«እኔ የሃይማኖት አዋቂ አይደለሁም እትዬ። ግን እርስዎ ስኳር በሽታዎን በመድኃኒት ይዘው የለም?»

«ይዣለሁ።»

«አጀልዎን ለመግፋት ነው?»

«አይደለም። ነፍሴ አደራ ስለሆነች ነው።» ቀጠሉና፣ «አዎ። ማታ በሬንም ቆልፌ ነው ‹አላህ ይጠብቀን› የምለው። በሩን ከፍቼ ትቼ ሌባ ቢገባ ‹የተጻፈ ነው› ብል ጎረቤት ይስቅብኛል። ቀኑን እሱ ያውቃል፤ ታኮውን ማድረግ የኔ ፈንታ ነው። ይህን ለታክሲ ነጂው ስናገር ራሴን ሰማሁት።»

«ሰዳም ሰነፍ አልነበረም እትዬ። ያላወቀው ያላሳዩትን ነው።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፣» አሉ። «አባቱ ያውቅ ነበር እኮ። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ወደዚህ እየሮጠ ሲመጣ፣ ‹ሂድ ወደ ደብተርህ፣ እጅህን አታቆሽሽ› ብሎ ያባርረው ነበር። እሱ በዘይት ያረጀ ስለነበር ልጁ ነጭ ሸሚዝ እንዲለብስ ነው የፈለገው። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ ባንክ ቤት ነው ስል አንገቴ ቀና ይል ነበር። ሙያውን እንደ ነውር ደበቅነው። ልጁ ግን መኪና ይወድ ነበር፤ ከአባቱ ቢያጣው ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየ ተማረ። ብሎን እንዴት እንደሚፈታ ስልኩ አሳይቶታል። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን አባቱ ነበር የሚነግረው።»

ጀናን እጃቸውን ያዘች። እኔም አንድ ቃል መጨመር ተገቢ መስሎ ስለታየኝ፣ «ወይዘሮ ሀፊዛ፣ ይህ የእርስዎ ቤት በደል ብቻ አይደለም። ሁላችንም በእጁ የሚሠራውን እያናናቅን፣ መኪናችን ሲቆም ደግሞ እሱኑ እንለምናለን። ያስተማርናቸውም ልጆች ካልኩሌተር ይዘው ጎማ መቀየር ያቅታቸዋል፣» አልኳቸው።

«እንግዲያው ግቢውን ውሰዱት፣» አሉ ወደ ጀናን ዞረው። «ግን የምለምንሽ ነገር አለ። ማንም ሰው፣ ሾፌርም ይሁን ባለ ዲግሪ፣ አገባቡን ሳያሳዩት ከመኪና ሥር አይገባም። ሴት ልጅም ብትመጣ አትመለስ። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላ ነገር ከማስተማራችሁ በፊት፣ ልጄ እንዴት እንደሞተ ትነግሯቸዋላችሁ። እንደነበረ። ተገለበጠ አትበሉ።»

«እርስዎ እየሰሙ?»

«እኔ እየሰማሁ። ቀስ ብላችሁ ንገሯት ብሎ የለም?»

የመጀመሪያው ትምህርት የተከፈተው በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ነው። የክበቡ አባሎች ጋራዡን ጠርገው፣ አሮጌውን ብረታ ብረት ለይተው፣ አንድ መኪና በአቶ ከድር መቆሚያዎች ላይ አቁመው ነበር። ከታክሲ ተራው ባፈና ሌሎች ሾፌሮችን አስከትሎ መጣ። ጀናን ቆማ የሰዳምን አሟሟት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፤ ፎቶ ሲያነሣ የነበረውንም ጭምር አልደበቀችም። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ሰማ።

ስትጨርስ ወይዘሮ ሀፊዛ ከተቀመጡበት ተነሡ። «አሁን ይህ መኪና አይወርድም?» አሉ።

«አይወርድም እትዬ።» ጀናን መኪናውን በሁለት እጇ ገፍታ አሳየቻቸው።

ካርቶን እንዲነጠፍላቸው ጠየቁ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሻርፓቸውን ሰብስበው፣ በስንት ጣር በጀርባቸው ተኙና ወደ መኪናው ሥር ገቡ። ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም። ከወገብ በላይ አይታዩም ነበር። ቆይተው፣ «ይህ የላላው ምንድን ነው?» ሲሉ ሰማናቸው። ጀናን ጎንበስ ብላ አየችና የጭስ ማውጫው ማሰሪያ መላላቱን ነገረቻቸው። «እንግዲህ ከዚህ ጀምሩ፣» አሉ ከውስጥ።

ይህ ከሆነ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ነው። የተገኘውን ጥቅም በዓይኔ ስላየሁ ልናገር እችላለሁ። በዚያ ግቢ የተማሩ ሾፌሮች የፍሬናቸውን ማለቅ የሚያውቁት ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ሆኗል። ረዳቶቹ ታኮ ሳያስገቡ ክሪክ ሲያነሡ ቢታዩ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ። ወላጆቻቸው «እጅሽ ይቆሽሻል» ይሏቸው የነበሩ ሴት ልጆች ዛሬ የአባታቸውን መኪና ዘይት ይቀይራሉ። እንጦጦ ላይ ደግሞ ክበቡ በየወሩ በሚያደርገው ዘመቻ ቦረቦሩ በድንጋይ ተሞልቶ፣ ውሃው ወደ ጎን መውረድ ጀምሯል፤ በቦዮቹ ዳርም ሣር ተተክሏል። ክረምቱን ሙሉ ከክበቡ መኪናዎች አንድም አልወጣበትም። ሰኔ ላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ወድቃ እግሯ በተሰበረ ጊዜ አምቡላንሱ ካለችበት ድረስ ወጥቶ አንሥቷታል። እውነት ነው፤ ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በዘመቻው ቀን አካፋ ከሚይዘው ይልቅ ዳር ቆሞ የሚያወራው የሚበዛበትም ጊዜ አለ። ቢሆንም መንገዱ መንገድ ሆኗል።

ይህ ሁሉ የወይዘሮ ሀፊዛን ኀዘን አቀለለው ብዬ ግን አንባቢን አላታልልም። ትምህርት ባለ ቀን ከጋራዡ በር አጠገብ ወንበር ያወጣሉ፤ የገባውን ሁሉ ስሙን ይጠይቃሉ፤ ሲወጣም በስሙ ይሰናበቱታል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጠው ይቀራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ መሠረት የምትባል ሴት ወደ በሩ መጣች። አዲስ የገባች የአንዲት ተማሪ እናት ናት። በሩን ሳታልፍ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች፤ ልጇ ከአንድ ፒክአፕ ሥር ሆና እግሮቿ ብቻ ይታያሉ።

«እማማ፣ ይህ ነገር አያሰጋም?» ብላ ጠየቀች።

«ነይ ግቢ፣» አሏት ወይዘሮ ሀፊዛ። ወንበራቸውን ለቀውላት፣ ወደ መኪናው አቅርበው አስቀመጧት። ከጎማው ሥር ያለውን ታኮ፣ ከሥሩ የቆሙትን ብረቶች በጣታቸው እያመለከቱ አንድ በአንድ ነገሯት። ሴትዮዋ እየሰማች ቀስ በቀስ ትከሻዋ ወረደ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። አወቅሁት፣ ልቤ አረፈ፣» አለች። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ተማሪዎች ተመለከተችና፣ «የእርስዎም ልጅ እዚህ ነው የሚማረው?» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሀፊዛ የሴትዮዋን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት።

«አይ ልጄ፣» አሉ። «የእኔ ሳይማር ቀረ።»